የተኳሾቹ ፎቶግራፍ አንሺ

በጎጃም አገር ወደ አንድ የአርበኛ ልጅ ቤት የገባ እንግዳ፥ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ቢመልስ፥ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተሰቅሎ ያያል። አንደኛው ጠመንጃ ነው፤ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው። እንግዳው ስለ ጠመንጃው ቢጠይቅ፥ የቤቱ ጌታ ምንሽር ወይም ውጅግራ ወይም በልጅግ መሆኑን፥ ከማን እጅ እንደ ተገኘና በየትኛው ጦር ሜዳ እንደ ዋለ ሳያቋርጥ ይነግረዋል። ስለ ፎቶግራፉም ቢጠይቀው፥ «ይህ አባቴ ነው፤ ይህ ያባቴ ወንድም ነው፤ ይህም ዒላማ የመቱበት ቀን ነው» ብሎ በደስታ ያስረዳዋል። ነገር ግን እንግዳው ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሮ፥ «ይህንን ፎቶግራፍ ያነሣው ማን ነው?» ቢለው፥ የቤቱ ጌታ ጥቂት ያስብና ዝም ይላል።

እኔም ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው፥ ስለዚህ ዝምታ ነው። ባለፈው ዓመት በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ አንሺ ዐርፈዋል። እርሳቸው በሥራቸው ዘመን ሁሉ፥ በአገራችን አልሞ ተኳሾች ዘንድ ከመሣሪያ ጠጋኝ ይልቅ የሚወደዱ ሰው ነበሩ። በየበዓሉና በየሠርጉ ዒላማ በተተከለበት ሜዳ ሁሉ ካሜራቸውን ይዘው የማይገኙበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ ሰዎቹ እንዳይረሷቸው፥ ደግሞም የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ያለው ሁሉ ከእኛ ስሕተት እንዲማር፥ የማውቀውን ጥቂት ነገር ለተከበራችሁ አንባቢዎች አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ እንናገር። ቋንቋችን ለዚህ ጥበብ የሰጠው ስም እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ፎቶግራፍን «አነሣ» እንላለን። የወደቀን ሰው ከመሬት ብድግ ማድረግም ማንሣት ነው፤ የራቀን ወይም የሞተን ሰው በመልካም ማስታወስም ስሙን ማንሣት ነው። በግእዙም ቢሆን ትንሣኤ የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ መሆኑን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ ማለት፥ ሰውን ከመረሳት ብድግ የሚያደርግ ማለት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እኒህን ሰው ያወቅኋቸው በልጅነቴ ነው። አባቴ ተኩስ ወዳጅ ስለ ነበረ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጨሞጋ ወንዝ በሚወስደው በኩል ባለ ሜዳ ላይ ሰዎች ዒላማ ሲመቱ ለማየት ይዞኝ ይሄድ ነበር። ከሩቅ የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። አንድ ነጭ ወረቀት በከሰል ክብ ተደርጎበት ከሳንቃ ላይ ይለጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም በወረቀቱ ፈንታ እንቁላል ይቀመጣል። መቶ ርምጃ፥ ሲበረታም ሁለት መቶ ርምጃ ይለካል። ሽልማቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሙክት ነው። ሙክቱም በመጨረሻ ለሁሉ ስለሚታረድ፥ የተሸነፈውም የሚበላው ነው።

ፎቶግራፍ አንሺው ባለ ሦስት እግሩን ካሜራ ከተኳሾቹ በስተጎን ወደ ኋላ ራቅ አድርገው ይተክሉ ነበር። እኛ ልጆቹም ሽማግሌዎቹም «ጋሼ ፎቶ» እያልን እንጠራቸዋለን። ቁመታቸው አጭር፥ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፥ ልብሳቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። ጣታቸው ግን ፊልም በሚታጠብበት መድኃኒት ብዛት ጠቁሮ ስለ ነበር፥ ሰላምታ ሲሰጡ አስቀድመው እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ጥቁረቱ በመጥረግ እንደማይለቅ እያወቁ ይህንን ማድረጋቸው እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ሦስት ሕግ ነበራቸው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚጥሰውም አልነበረም።

አንደኛው ሕጋቸው ጠመንጃው ባዶ ሳይሆን ፎቶግራፍ አለማንሣት ነው። ማንም ሰው ለፎቶግራፍ ሲቆም፥ በፊታቸው ጥይቱን አውጥቶ ቀለሁንም ጥይቱንም ከመሬት ላይ ማስቀመጥ አለበት። አፈሙዙም ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት እንጂ ወደ ሰው እንዲዞር አይፈቅዱም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው፥ ጠመንጃውን ወደ ካሜራው አነጣጥሮ መነሣት ፈለገ። ጋሼ ፎቶ ጥቁሩን ጨርቅ ከራሳቸው ላይ አውልቀው፥ «ጌታዬ፥ በካሜራው መስተዋት ኋላ የቆምሁት እኔ ነኝ» ብለው ካሜራቸውን አጠፉ። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ፤ በሚቀጥለው በዓል ግን ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ መጥቶ ተነሣ። በደስታ ቀን በሚተኮስ ጥይት ስንት ሠርግ ወደ ልቅሶ እንደ ተለወጠ ለምናውቅ ለእኛ፥ ይህ ሕግ ትንሽ ሕግ አይደለም። የጦር መሣሪያ የመያዝ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከመወሰኑ ብዙ ዓመት በፊት፥ እርሳቸው በዚያ ሜዳ ላይ የራሳቸውን አዋጅ አውጀው ነበር።

ሁለተኛው ሕጋቸው ከሁሉ ይልቅ የተወደዱበት ነው። ውድድሩ ሲያልቅ አስቀድመው የሚያነሡት ዒላማ የመታውን አልነበረም፤ የሳተውን ነበር። የመታው ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሲፎክርና ሲሸለል፥ እርሳቸው ብቻውን ወደ ቆመው ወደ ሳተው ሰው ሄደው፥ «ወንድሜ፥ ብርሃኑ ሳይጠፋ ቀጥ በል» ይሉታል። አባቴ ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠይቃቸው፥ «የመታውን ሁሉ ሰው ያየዋል፤ ይኸኛው ግን ዛሬ ማንም ካላየው በሚቀጥለው በዓል አይመጣም» ብለው መለሱለት። በእውነቱም የሳቱት ይመለሱ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ኋላ የታወቁ አነጣጣሪዎች የሆኑ አሉ።

ሦስተኛው ሕጋቸው ተፎካካሪዎችን በአንድነት ማንሣት ነው። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ተኳሾች የተበሳሳውን የዒላማ ወረቀት አንደኛው በቀኝ፥ ሁለተኛው በግራ ጫፍ ይዘው ትከሻ ለትከሻ መቆም አለባቸው። ይህ ልማድ ምን እንደሚጠቅም በዚያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

እኔ ባደግሁ ጊዜ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ከዕለታት አንድ ቀን የሁለት ቤተ ሰቦች ልጆች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ነገሩ ወደ ደም ሊደርስ በተቃረበ ጊዜ፥ አገር ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ተነጋግረው አልሆነም። በአራተኛው ቀን ጋሼ ፎቶ ሳይጠሩ መጡና፥ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ከሽማግሌዎቹ ፊት አኖሩ። የሁለቱ ተከራካሪዎች አባቶች በወጣትነታቸው አንድ የዒላማ ወረቀት በሁለት ጫፍ ይዘው፥ አንደኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አፉን በእጁ ሸፍኖ ቆመዋል። ልጆቹ ያንን ፎቶግራፍ አይተው አያውቁም ነበር። ታላቅየው ለብዙ ጊዜ ሲመለከተው ቆይቶ፥ «አባቴ ሲስቅ አይቼ አላውቅም» አለ። እርቁ በዚያው ቀን ተፈጸመ። ፎቶግራፉ ብቻውን አስታረቀ አልልም፤ ሽማግሌዎቹም ደክመዋልና። ነገር ግን ብዙ የክርክር መዝገብ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ፎቶግራፍ ያለ ምስክር ሲቀርብ አላየሁም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ጥቂት ከፍ አድርገን፥ ጠመንጃና ካሜራ በዓለምም በአገራችንም እንዴት ጎን ለጎን እንደ ኖሩ እንመልከት።

ፎቶግራፍ በፈረንሳዊው በዳጌር እጅ ለዓለም የተገለጠው በ1831 ዓ.ም ነው። ምሥጢሩ ከብር የተሠራ ጨው ብርሃን ሲነካው መጥቆሩ ነው። ወደ እኛ አገር በብዛት የገባው ግን ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ፥ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው መጥተው ካርታ እያባዙ፥ አገሩንና ሰዉን አንሥተዋል። በዚያው ዓመት አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን ያጣው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር፥ በዋይት ደሴት፥ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች እመቤት እጅ ተነሥቷል። ያ ልጅ በ1872 ዓ.ም በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሰው አገር ሞተ። ዛሬ የዚያን ሕፃን ኀዘን የምናየው በዚያች ሴት ፎቶግራፍ ነው። እርስዋም ስሟ ከሥራዋ ጋር ስለ ተጻፈ አልተረሳችም።

በ1874 ዓ.ም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ያ ቀን ለጎጃም መራራ ትምህርት ነበር። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለ የሰውነት ጠባይ ተመራማሪ፥ እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ቃታ ያለው፥ በአፈሙዙ ውስጥ ግን በጥይት ፈንታ የካሜራ መስተዋት የገባበት መሣሪያ ሠራ። ወደሚበር ወፍ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስበው፥ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያነሣል፤ ወፉም ሳይሞት ክንፉ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወድቅ ይታያል። ለኋለኛው ሲኒማ መንገድ ከጠረጉት መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ይህንን ታሪክ ለጋሼ ፎቶ በነገርኋቸው ጊዜ እጅግ ሳቁና፥ «እንግዲያስ እኔም ተኳሽ ነኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፥ «ልዩነቱ ግን ጥይት ከዚህ ወጥቶ ወደዚያ ይሄዳል፤ ብርሃን ከዚያ ተነሥቶ ወደዚህ ይመጣል» ብለው ተናገሩ።

በውጭ አገር ዒላማ መምታት እንደ ጨዋታ ውድድር የተደራጀው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1852 ዓ.ም በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን የብሔራዊ የተኩስ ማኅበር ውድድር ሲከፈት፥ የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ጠመንጃውም አስቀድሞ ተስተካክሎ በመደገፊያ ላይ ታስሮ ነበርና ዒላማውን መታች። ማኅበሩ ኋላ በ1882 ዓ.ም ቢዝሊ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ። በአቴና የመጀመሪያው የዘመናችን ኦሊምፒክ በ1888 ዓ.ም ሲደረግም ተኩስ ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። ይህም አባቶቻችን፥ ከእነርሱም ጋር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነጎጃም ጦራቸው፥ በዓድዋ ድል ካደረጉ አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የዚያ ኦሊምፒክ መልክ ዛሬ የሚታወቀው አልበርት ማየር የተባለ ጀርመናዊ ፎቶግራፍ አንሺ በቦታው ስለ ነበረ ነው። በዓድዋ ሜዳ ላይ ግን በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረን ኖሮ፥ የስንት ጎበዝ ፊት ባወቅን ነበር።

በአገራችን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ሲነገር የሚነሣው ስም ቤድሮስ ቦያጂያን ነው። ይህ አርመናዊ በ1898 ዓ.ም ግድም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠራ። ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ያባታቸውን ሙያ ወርሰው፥ በንግሥት ዘውዲቱና በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነገሥታቱንና መኳንንቱን አንሥተዋል። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው ካባና ለምድ የለበሰ፥ ጋሻ ጃግሬው ጠመንጃ ይዞ ከኋላው የቆመ መኰንን ሁሉ፥ መልኩ የቀረልን እንዲህ ባሉ ሰዎች ትዕግሥት ነው። በጎጃምም ካሜራ ሳይስፋፋ፥ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በደብረ ማርቆስ ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆነው የአገሩን ትውልድ በስም በስሙ ጽፈዋል። መልክንና ስምን በአንድነት ማስቀመጥ እንግዲህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

በአርበኝነቱም ዘመን ቢሆን እንዲሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 7 ቀን በደምበጫ ምሽግ ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ታውቋል። ሦስቱን ሰዎች ሁሉ ይጠራቸዋል፤ ካሜራውን ማን እንደ ያዘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚያው ዘመቻ በጎጃም የነበረው፥ በአዲስ አበባ በ1902 ዓ.ም የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግን ዒላማ የማይስት አዳኝም ታላቅ ፎቶግራፍ አንሺም ነበር። በ1995 ዓ.ም ሲሞት 38,000 የሚያህል ያልታተመ የፊልም ቅጂ ለኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ቀርቶለታል። ማን፥ መቼ፥ የት እንዳነሣው ስለሚታወቅ፥ ተመራማሪ ሁሉ ዛሬ ይጠቀምበታል።

የእኛው የጋሼ ፎቶ ነገር ግን እንዲህ አልሆነም፤ ስለዚህም ወደ ራሴ ጥፋት እመለሳለሁ።

አባቴ ሙክት ባሸነፈበት ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ በቤታችን ነበረ። እኔ ጽሕፈት በተማርሁ ጊዜ ፎቶግራፉን ገልብጬ በጀርባው ላይ የአባቴን ስም ከነአያቱ፥ የጠመንጃውን ዓይነትና ቁጥር፥ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፥ የሙክቱን ዋጋ ሳይቀር በጥሩ አጣጣል ጻፍሁ። አንድ ቀን ጋሼ ፎቶ ለቡና ቤታችን መጥተው ሳለ አባቴ ፎቶግራፉን አውርዶ አሳያቸው። ገልብጠው ጀርባውን እስከ መጨረሻ አነበቡ። ከዚያም ወደ እኔ ተመልክተው፥ «ጽሕፈትህ ያምራል» አሉኝና መለሱልን። እኔም ተመስግኜ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ጽሕፈት መካከል የእርሳቸው ስም አለመኖሩን የተረዳሁት ከሞታቸው በኋላ ነው።

ሞታቸው በተሰማ ጊዜ የቀሩት ሽማግሌ ተኳሾች ለቀብሩ ተሰበሰቡ። አንዳንዶቹ እንደ ቀድሞው ልማድ ጠመንጃ ይተኮስላቸው አሉ። አንድ ሽማግሌ ግን፥ «እርሱ ጠመንጃን ባዶ ሳያደርግ ማንንም አላነሣም፤ በእርሱ ቀብር ላይ ጥይት አይጮህም» ስላሉ ሁሉም ተስማሙ። በፈንታውም በአርባኛው ቀን ተዝካር ላይ እያንዳንዱ ሰው እርሳቸው ያነሡትን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዶ ይዞ እንዲመጣ ተወሰነ። ያ ቀን ሲደርስ በድንኳኑ ውስጥ ፎቶግራፍ ያልያዘ ሰው አልነበረም። አንዲት አልቃሽም እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ ሙሾ አንቱ አይልምና።

ሁሉን ሲያነሣ ኖሮ፥ ደግ ሰው በጁ፤
ዛሬ ማን ያነሣው፥ ሲወድቅ ከደጁ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎቹ እኔን ጠርተው፥ «አንተ ጸሐፊ ነህ፤ መታሰቢያውን ጻፍልን» አሉኝ። ወረቀትና ብዕር አውጥቼ እንደ መሥሪያ ቤቴ ልማድ የመጀመሪያውን መስመር ለመጻፍ፥ «ስማቸው ከነአባታቸው ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው «ጋሼ ፎቶ» አለ። ሁለተኛው ያባታቸውን ስም በጥርጣሬ ተናገረ፤ ሦስተኛው አይደለም አለው። በዚያ ድንኳን ውስጥ በእጃቸው የተነሣ ከሃያ የሚበልጥ ሰው ተቀምጦ ሳለ፥ ሙሉ ስማቸውን በእርግጥ የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔ የስንቱን ከሳሽና ተከሳሽ ስም ከነአያቱ ስጽፍ የምውል ሰው፥ ብዕሬን ይዤ አፈርሁ።

በማግስቱ ወደ ባለቤታቸው ቤት ሄድሁ። እትዬ በትሕትና ተቀብለውኝ፥ ፎቶግራፍ አንሺው ሥራቸውን ያኖሩበትን ሣጥን ከአልጋ ሥር አስወጡ። የፊልሙ ቅጂዎች በክረምቱ እርጥበት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፥ ጠርዛቸውንም አይጥ በልቶት ነበር። ከላይ ያለውን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ባደርገው፥ የአንድ ተኳሽ ትከሻና የጠመንጃው ሰደፍ ብቻ ቀርቶ ፊቱ ጠፍቷል። ማን እንደ ሆነ ልንለይ አልቻልንም። እትዬም አላለቀሱም፤ «በሕይወት ሳለ ማንም መጥቶ ይህንን ሣጥን አልጠየቀም» ብቻ አሉ። ይህንን ያሉት ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ቢሆንም ወቀሳው ደረሰኝ።

ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ነገሩኝ። በጋዜጣ ላወጣው አስቤ ፈቃድ ብጠይቃቸው፥ «የክርስትና ስሙን ለቄሱ ሰጥቻለሁ፤ የዓለም ስሙ በጋዜጣ ወጥቶ ነገ ዕቃ ከሚጠቀለልበት፥ በየቤቱ ከፎቶግራፉ ጀርባ ቢጻፍ ይሻለኛል» አሉ። ስለዚህ ቃላቸውን አክብሬ በዚህ ገጽ ላይ አላወጣሁትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ከቤት ወደ ቤት እየዞርሁ፥ በአባቴ ፎቶግራፍ ጀምሬ፥ በተገኘው ሁሉ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ። ባለቤቶቹም ሲያዩት፥ ስሙን ጮክ ብለው ያነቡታል።

አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ይህ የእኛ ስሕተት ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት እንዲሆን፥ ጥቂት ምክር ልጨምር።

ፎቶግራፍን በምድጃ ጢስና በፀሐይ ፊት አትስቀሉ፤ ጢስ ያጠቁረዋል፥ ፀሐይ ያነጣዋል። ሲይዙት ጠርዙን እንጂ ፊቱን በጣት መንካት አይገባም፤ የእጅ ወዝ ውሎ አድሮ ምልክት ያወጣልና። በሙጫ አትለጥፉት። ላብ በሚያወጣ ላስቲክ ጠቅልሎ ከማስቀመጥ፥ በንጹሕ ወረቀት ከፋፍሎ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ሣጥን ማኖር ይሻላል። የፊልም ቅጂ ያለው ሰው ከታተመው ለይቶ በየብቻው በወረቀት ይጠቅልል። ተጣብቆ የተገኘ ቢሆን በጉልበት አትገንጥሉት፤ ለባለሙያ አሳዩት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ፎቶግራፎች ስብስብ ያለው ስለ ሆነ፥ የአገር ታሪክ የሚነካ ፎቶግራፍ ያለው ቤተ ሰብ ምክር ሊጠይቅ ይችላል።

በጀርባው ላይ ስትጽፉ በቀለም አትጻፉ፤ ቀለም ወደ ፊቱ ዘልቆ ያበላሻል። በለስላሳ እርሳስ፥ ሳትጫኑ፥ በጠርዙ በኩል ጻፉ። ወረቀቱ እርሳስ የማይቀበል ልሙጥ ከሆነ፥ በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ ጻፉት። ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙትን ሰዎች ስም፥ ቦታውን፥ ቀኑን፥ ከሁሉም በታች ያነሣውን ሰው ስም ከነአባቱ አስፍሩ። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ ፎቶግራፉ ፊት ይቀርለታል እንጂ ስም አይቀርለትም። ዛሬ በየኪሳችን ባለ ስልክ በቀን መቶ ጊዜ የምንነሣ ሰዎችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለንም፤ በብዛቱ ምክንያት ማን ማንን እንዳነሣ የሚያስታውስ የለምና። የአሮጌውን ፎቶግራፍ ቅጂ በስልክ ማስቀረት መልካም ነው፤ ይኸውም በጥላ ሥር፥ ያለ መብራት ብልጭታ ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም አንሡ።

ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጆቻችሁን ከግድግዳው ሥር አቁማችሁ ስለ ጠመንጃው ጀግንነት በምትነግሯቸው ጊዜ፥ ከጠመንጃው አጠገብ ያለውን ፎቶግራፍ አውርዳችሁ ገልብጡና አስነብቧቸው። ዒላማውን የመታ አንድ ሰው ነው፤ የሳቱት ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ለልጅ ልጅ ያደረሰው ግን በጥቁር ጨርቅ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ፊቱ ያልታየው ሰው ነው።

በአባቴ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ከድሮው ጽሕፈቴ በታች አሁን አንድ መስመር ተጨምሯል። የእጅ ጽሕፈቴ እንደ ልጅነቴ አያምርም። ቢሆንም ጋሼ ፎቶ ዛሬ መጥተው ገልብጠው ቢያነቡት ደስ ባላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ያሳርፍልን።